የኔስክን ሸለቆ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አትንዳው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ 80 ኪሎ እመዝናለሁ። የኮርስ ሳይክል ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የምነዳው ግን በማይን ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። በጁን አጋማሽ ከባለቤቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ፕሮቫንስ እንሄዳለን። እሷ ላቬንደር የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ማየት ትፈልጋለች። አንድ ጓደኛዬ ‹ከቤድዋን ተነስተህ ሞን ቫንቱ ጫፍ ውጣ፣ ወደ ሶ ከተማ ውረድ፣ ከዚያ የኔስክን ሸለቆ ቁልቁል ይዘህ ተመለስ› አለኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታው ያን ያህል አያሰጋኝም። ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም ነው። ይህን ዙር እችለዋለሁ? ምን ልዘጋጅ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዙሩን ትችለዋለህ። ጓደኛህ በነገረህ መልክ ግን አይሁን። ጫፉን ከፊት አስቀመጠው፤ ሸለቆውን ደግሞ ገለበጠው። እዚህ አካባቢ እንግዶችን በሳይክል ስመራ፣ ሳይክላቸውንም ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጣም የሚያሳዝነኝ ምን መሰለህ? ከሩቅ መጥቶ፣ የዓመት ፈቃዱን አውጥቶ፣ የኔስክን ሸለቆ ቁልቁል ተፈትልኮ ምንም ሳያይ የሚመለስ ሰው ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ላሳይህ። መነሻህ ቪል ሱር ኦዞን የምትባለው ትንሽ ከተማ ትሁን። ከባሕር ወለል 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ዲ942 የሚባለውን መንገድ ይዘህ ወደ ምሥራቅ ትወጣለህ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ካስቴላራስ የሚባል መመልከቻ ቦታ ላይ ትደርሳለህ፤ ከፍታው 734 ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ሞኒዩ መንደር ትንሽ ትወርድና እንደገና ወደ ሶ ከተማ ትወጣለህ። ሶ ከሜዳው ከፍ ብላ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መመለሻህ በዲ1 መንገድ ነው። በመሃል አንድ የተራራ በር አለ፤ እንደ ጣርማ በር ዓይነት ማለፊያ ማለቴ ነው። ስሙ ኖትር ዳም ደ ዛቤይ ነው፤ «የንቦቹ እመቤታችን» እንደ ማለት። ከፍታው 996 ሜትር ነው። እሱን ካለፍክ በኋላ እስከ ቪል ሱር ኦዞን ድረስ ቁልቁለት ነው። ጠቅላላው ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዳገቱ ሲደመር 900 ሜትር አካባቢ።

አሁን ለምን ሽቅብ እንደምልህ ላስረዳህ። መንገዱ የተቆረጠው በሸለቆው ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ የምትነዳው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ስትሄድ ገደሉ በቀኝህ፣ አጠገብህ ነው። ከአጭሩ የድንጋይ አጥር ማዶ ወንዙ የቆረጠው ገደል፣ በኦክ ዛፍ የተሸፈነው ተዳፋት፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ይታይሃል። በሰዓት 14 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ የማየት ጊዜ አለህ። ጠዋት ከሆነ የመኪና ድምፅ የለም። ወፉን ትሰማለህ፤ የገዛ ካቴናህን ትሰማለህ።

ቁልቁል ስትመጣ ግን በዓለቱ በኩል ነህ። ፍጥነትህ 35 እና 40 ይገባል። ዓይንህ አስፋልቱን ከለቀቀ አደጋ ነው፤ ከዓለቱ የሚረግፍ ጠጠር መንገዱ ላይ ይገኛልና። አጫጭር ዋሻዎችም አሉ። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገባ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ምንም አይታይህም። በቀን ብርሃን እንኳን ቢሆን የኋላ መብራት ይኑርህ የምለው ለዚህ ነው። ካንተ ኋላ የሚመጣው ሾፌርም እንዳንተው ዓይኑ ይታወራል።

ሌላው ምክንያት ዳገቱ ራሱ ነው። ከ300 ወደ 734 ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማለት በአማካይ 2 በመቶ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። በሜዳ ለለመደ እግር ከዚህ የተሻለ ማሟሟቂያ የለም። ጓደኛህ ያሰበልህ የቤድዋን ዳገት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ጫፉ 21 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ የምትወጣው 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በወይን እርሻ መካከል ለስላሳ ናቸው፤ ያታልሉሃል። ሳንት ኤስቴቭ የምትባለዋን ኩርባ ስትታጠፍ ጫካ ውስጥ ትገባለህ። ከዚያ በኋላ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ 9 በመቶ አካባቢ ነው፤ መተንፈሻ የሚሆን ሜዳ የለውም። በማይን ወንዝ ዳር ለዚህ የሚያዘጋጅ ነገር አላገኘህም።

ካስቴላራስ ስትደርስ ውረድና ሳይክልህን አስደግፈህ ቁም። ፊት ለፊትህ ሮሼ ዱ ሲር የሚባለው ግዙፍ ገደል አለ፤ «የሰም ዓለት» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ገደሉ ላይ ከሚሰፍሩት የዱር ንቦች ነው። የተራራው በርም የንቦች፣ ገደሉም የሰም። አገሩ የማር አገር ነው። ማሩን ሶ ከተማ ስትደርስ ቅመሰው። ስለ ማር ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ለመንገድህ ትፈልገዋለህ።

ነፋሱንም አትርሳ። ሚስትራል የሚባል ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ አለ። ሲጀምር ለቀናት ሊቆይ ይችላል። አደገኛነቱ ሰማዩን ማጥራቱ ነው። ጠዋት መስኮት ከፍተህ ስታይ አንድ ደመና የለም፣ ፀሐይዋ ታምራለች፤ ወጥተህ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሳይክሉ ከሥርህ ይገፋል። ሸለቆው ውስጥ ግድግዳው ይከልልሃል። ከሶ ከተማ ስትመለስ ግን ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፊትህን ይዞ ይመታሃል። ስለዚህ የሜቴኦ ፍራንስን የአየር ትንበያ ከአንድ ቀን በፊት እይ። ነፋሱ ከበረታ ቀኑን ቀይር። አንድ ሳምንት አለህ፤ ቀን መምረጥ ትችላለህ።

የፍጥነትህ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አንድ እንግዳ ነበረኝ፤ እንዳንተ ከሜዳ አገር የመጣ፣ ጉልበተኛ ሰው። ሸለቆው ለስላሳ ሆኖ ሲያገኘው ደስ አለውና እንደ ውድድር ነዳው። ሶ ከተማ ሲደርስ አልራበኝም ብሎ ቡና ብቻ ጠጣ። ወደ ንቦቹ በር የሚወስደው ዳገት ላይ፣ ግማሽ ሳይደርስ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ ቀዝቃዛ ሆነ። መንገድ ዳር አስቀምጬ ብስኩትና ጭማቂ ሰጠሁት። እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እግሩ ጤነኛ ነበር። ያለቀው በጡንቻውና በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ነው።

መለኪያ ልስጥህ። የልብ ምት መቁጠሪያ ከሌለህም ይሠራል። ሸለቆውን ስትወጣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀስታ በለው። ትንፋሽህ ሳያቋርጥህ ከጨረስክ ፍጥነትህ ልክ ነው። በየሁለት ሦስት ቃሉ የምትተነፍስ ከሆነ ቀንስ። መመለሻው ዳገት ላይ ትንሽ ብትጠነክር ግድ የለም። ሸለቆው ላይ ግን አይፈቀድም።

ስለ ማርሽ በቁጥር ላውራህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንተ 80 ኪሎ ነህ፤ ሳይክሉና ውሃው ሲጨመር 90 እንበል። ከፊት ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ከሆነና ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ካዞርክ፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለህ። 9 በመቶ ዳገት ላይ ይህን ለማድረግ ወደ 210 ዋት የእግር ጉልበት ያስፈልግሃል። ከኋላ 34 ጥርስ ካለህ ግን በዚያው የፔዳል ዙር በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለህ፤ የሚጠይቅህ 175 ዋት አካባቢ ነው። ሰላሳ አምስት ዋት ሲሰሙት ትንሽ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሆን ግን በመድረስና መሃል ላይ ወርዶ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። የኔስክ ዙር ይህን ያህል አይጠይቅህም። ጉልበትህን ለማዳን ግን ከኋላ ቢያንስ 32፣ ቢቻል 34 ጥርስ አስገጥም። ትልቅ ማርሽ የሚያስፈልገው ደካማ ብቻ ነው የሚልህን ሰው አትስማው።

የአዲስ አበባ ልጅነትህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። የሞን ቫንቱ ጫፍ 1,909 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ከፍታው በራሱ አያስፈራህም፤ ልክ ነህ። ግን ከፍታ ላይ መኖር ለደምህ የሰጠው ነገር ዝቅ ያለ አገር ስትኖር በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ፍራንክፈርት ስንት ዓመት ኖርክ? ደምህ አሁን የፍራንክፈርት ደም ነው። ሰውን የሚጥለው ደግሞ ከፍታው ሳይሆን የዳገቱ ቀጥ ማለት፣ ሙቀቱና ነፋሱ ናቸው። እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን በጁላይ 13 ቀን 1967 በቱር ደ ፍራንስ የሳይክል ውድድር ላይ የሞተው እዚሁ ተራራ ላይ፣ ጫፉ ሊደርስ ሲል ነው። አበረታች መድኃኒት ወስዶ ነበር፤ ሙቀቱና ድካሙ ተጨመሩበት። መታሰቢያ ድንጋዩ መንገዱ ዳር አለ።

አሁን የጾሙና የላቬንደሩ ጉዳይ። ሁለቱ ሳይታሰብ አንድ መልስ አላቸው። በጁን አጋማሽ ሶ አካባቢ ላቬንደሩ ገና አላበበም። ዝቅ ያለው አገር ይቀድማል፤ የሶ ሜዳ ግን ከፍ ስለሚል ይዘገያል። ሐምራዊ መሆን የሚጀምረው በጁን መጨረሻ ነው፤ የሚደምቀው በጁላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። ከዚያ አጨዳ ይጀመራል። ባለቤትህን በጁን አጋማሽ ብታመጣት አረንጓዴ ቁጥቋጦ ነው የምታሳያት። የሰኔ ጾም ደግሞ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። እንግዲህ ፈቃድህን ማዛወር ከቻልክ ከጁላይ 12 ጀምሮ ያለውን ሳምንት ያዝ። ላቬንደሩም አለ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾሙም ተፈትቷል። ሙቀቱ ይጨምራል፤ አልጋም ይወደዳል። ይህን ከወዲሁ እወቀው።

ማዛወር ካልቻልክም ጾሙ አያግድህም። ለሳይክል የሚሆነው ምግብ አብዛኛው የጾም ነው። የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። ባዶ ሆድ ይዘህ ይህን ዙር አትውጣ። ሰዓት ጠብቀህ የምትጾም ከሆነ ከንስሐ አባትህ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፤ እዚያ ውስጥ እኔ አልገባም። በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። አንድ ትልቅ ሙዝ ግማሹን ያህል ይሰጥሃል። ሁለት ሦስት ትልልቅ ቴምርም እንዲሁ። እኔ ለራሴ የምይዘው የበሶ ጭብጦ ነው። በሶውን በማርና በትንሽ ጨው እሸው፣ በእንቁላል መጠን አድቦልቡለው፣ በወረቀት ጠቅልለው። የድሮ መንገደኛ የሚይዘው ስንቅ ነው፤ እዚህም ይሠራል። (ማር ለጾም አይሆንም የምትል ከሆነ በስኳር እሸው።) ገብስ ግን ለአንዳንድ ሰው ሆድ ይከብዳል። ስለዚህ ፍራንክፈርት እያለህ፣ በረጅም ጉዞ ላይ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው። በጉዞው ቀን አዲስ ምግብ አይሞከርም። ረሃብ እስኪሰማህም አትጠብቅ፤ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ብላ።

ውሃ ሁለት ኮዳ ሙሉ ይዘህ ተነስ። ከቪል ሱር ኦዞን እስከ ሞኒዩ ድረስ ሱቅ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ቤት የለም። መንደሮቹ ውስጥ ምንጭ አለ። ጽሑፉን ግን ተመልከት፤ «ኦ ፖታብል» የሚል ከሆነ ይጠጣል፤ «ኖን» የሚል ቃል ከገባበት ፊትህን ብቻ ታጠብበት። ጎሚስታም የለም። ሁለት ካላማዳሪ፣ ጎማ መንቀያና ትንሽ መንፊያ ከኮርቻው ሥር ይኑርህ። ጎማ መቀየርን ደግሞ ቤትህ ተለማመድ። ገደል አፋፍ ላይ፣ በፀሐይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ከባድ ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 7 ሰዓት ተነስ። በዚህ አካሄድ ሶ ከተማ የምትደርሰው 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ባለቤትህ በመኪና መጥታ እዚያ ትጠብቅህ። ቀኑ ረቡዕ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሶ ከተማ ገበያ ረቡዕ ነው። ማሩ፣ አይቡ፣ ኑጋው፣ የላቬንደር ጥቅሉ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ከከተማዋ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ የላቬንደሩ መደዳና የእህሉ ማሳ ተሰባጥሮ ይታያል፤ ከማዶ ሞን ቫንቱ አለ። አንድ ሰዓት አርፈህ፣ በልተህ፣ ኮዳህን ሞልተህ ተነሳ። እኩለ ቀን አካባቢ ቪል ሱር ኦዞን ትገባለህ። ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ለጥላ ነው።

ከንቦቹ በር በኋላ ያለው ቁልቁለት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከሸለቆው ይሰፋል፤ መኪናውም ይፈጥናል። ሾፌር አንተን ሲያልፍ ከከተማ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ሕጉ ያዛል፤ አብዛኛው ያከብራል። አንተም ጠርዙ ላይ አትጣበቅ፤ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለህ ንዳ። ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ገብተህ ፍሬን ከጨመቅክ ጎማው ይከዳሃል። ዓይንህን ከፊት ጎማህ ላይ አንሳና የኩርባው መውጫ ላይ አድርግ፤ ሳይክሉ ዓይንህን ይከተላል። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ይዘህ አትቆይ። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። ሳይክል ከተከራየህ ከሱቁ ሳትወጣ ሁለቱንም ፍሬን ሞክር። የፊቱ በየትኛው እጅ እንደሆነ ጠይቅ፤ ከቤትህ ሳይክል ሊለይ ይችላል።

ለቁልቁለት ስስ ጃኬት ያዝ፤ በጁላይም ቢሆን። እኔ እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሞን ቫንቱ ጫፍ በላብ ርሼ ደረስኩ። ታች 30 ዲግሪ ነበር፤ ጃኬት ለምን ብዬ ትቼ ነበር። ጫፉ ላይ ቢያንስ አሥር ዲግሪ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲጨመር ሌላ ዓለም ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳልወርድ ጣቶቼ ደነዘዙ። ፍሬኑን መጨበጥ አቃተኝ። ቆሜ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ጃኬቱ ጡጫ የምታህል ነገር ናት፤ ኪስህ ውስጥ ትገባለች።

ለዝግጅት ፍራንክፈርት አጠገብህ ጥሩ ዳገት አለህ። በዩ3 ባቡር እስከ ሆሄማርክ ሂድና ከዚያ ወደ ፌልድቤርግ ተራራ ውጣ። ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው፤ 5 በመቶ አካባቢ። ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ውጣው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ደጋግመው፤ በሁለተኛው ዙር ሳትሰበር ከወጣህ የኔስክ ዙር ይበቃሃል። ሲወርዱም ትምህርት ነው። ኩርባውን እዚያ ልመድ።

ሞን ቫንቱን እርሳው አልልህም። የኔስክን ዙር በጨረስክ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ እግርህ ደህና ከሆነ ሞክረው። ግን ከሶ ከተማ በኩል ውጣ። 26 ኪሎ ሜትር ነው፤ አማካዩ ከ5 በመቶ በታች ነው። ሻሌ ሬናር እስከሚባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ድረስ ያለው 20 ኪሎ ሜትር በላቬንደርና በጫካ መካከል የሚሄድ፣ ያንተ ዓይነት መንገድ ነው። ከባዱ ከሻሌ ሬናር በኋላ ያለው ራሰ በራ 6 ኪሎ ሜትር ነው። የኛው ፅጋቡ ግርማይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በጋለበበት በ2016፣ የሞን ቫንቱ ውድድር በነፋስ ምክንያት ጫፉ ድረስ አልሄደም፤ መጨረሻው ሻሌ ሬናር ላይ እንዲሆን ተደረገ። አንተም እዚያ ስትደርስ ቁምና ነፋሱን ስማ። ቆመህ ሳይክልህን መያዝ ካቃተህ ቡናህን እዚያው ጠጣና ወደ ሶ ከተማ፣ ወደ ባለቤትህ ተመለስ።